የጨረቃ ተራሮች በመስታወት ላይ

በሰሜን ኢጣሊያ በቶሪኖ ከተማ፣ የፖን ወንዝ ተሻግሮ፣ የካፑቺን መነኮሳት ገዳም ባለበት ኮረብታ ላይ አንድ ቤተ መዘክር አለ። የኢጣሊያ የአልፕስ ክበብ የቶሪኖ ቅርንጫፍ በ1874 ሲያቋቁመው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአልፕስን ሰንሰለት በመነጽር አሻግረው ለሚመለከቱ ሰዎች መቃኛ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ የተራራ ቤተ መዘክር ይባላል፤ በስሙም ላይ «የአብሩዚ መስፍን» የሚል የአንድ ልዑል ማዕርግ ተጨምሮበታል። ከቶሪኖ ብዙም በማይርቀው፣ በሱፍ ጨርቅ በሚታወቀው የቢየላ ከተማ ደግሞ የሴላ ቤተሰብ ያቋቋመው ድርጅት የቪቶሪዮ ሴላን ኔጋቲቮች ይጠብቃል። መስፍኑ የጉዞ መሪ፣ ሴላ ደግሞ የጉዞው ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ። ስለ ተራራ ፎቶግራፍ ታሪክ በተነገረ ቁጥር የሁለቱ ስም አብሮ መነሣቱ የተለመደ ነው።

ከጋራ ሥራቸው መካከል ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው በ1906 በሩዌንዞሪ ተራሮች ላይ የተነሣው የፎቶግራፍ ስብስብ ነው። ሩዌንዞሪ ዛሬ በኡጋንዳና በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ድንበር ላይ፣ ከምድር ወገብ እምብዛም ሳይርቅ ይገኛል። ማርጌሪታ የተባለው ጫፉ 5109 ሜትር ከፍታ ስላለው ከኪሊማንጃሮና ከኬንያ ተራራ ቀጥሎ በአፍሪካ ሦስተኛው ነው። የጥንት ጂኦግራፈሮች የዓባይን መነሻ «የጨረቃ ተራሮች» ሲሉ ያስቡት የነበረው ይህንን ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ከተሰነዘረ ቆይቷል። እነዚህ ፎቶግራፎች የተነሡት አንድ ነገር እንዲመሰክሩ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመሰክሩት ግን አንሺው ያላሰበውን ሆኗል። ነገሩ ለመረዳት ያህል ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል።

በምድር ወገብ አጠገብ በረዶ አለ ብሎ አውሮፓን ማሳመን ቀላል አልነበረም። በ1848 ዮሐንስ ሬብማን የተባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ኪሊማንጃሮን አየ። መንገድ መሪው በጫፉ ላይ ያለውን ነጭ ነገር የሚጠራበት ስም ስላልነበረው «በረዲ» አለው። ቃሉ ብርድ ማለት ነው። ከዐረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባ በመሆኑ ከእኛ «ብርድ»ና «በረዶ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ያ መንገድ መሪ በዚያች ቅጽበት ለአማርኛ ተናጋሪ ትርጉም የማያሻው ቃል ተናግሯል። በሚቀጥለው ዓመት የሬብማን ባልደረባ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የኬንያን ተራራ በረዶ አየ። ክራፕፍ ቀደም ሲል በአንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ የተቀመጠና በአገራችን ታሪክ የሚታወቅ ሰው ነው። የሁለቱም ወሬ ለንደን ሲደርስ ዊልያም ኩሊ የተባለ የታወቀ ጂኦግራፈር አጣጣለው። አፍሪካን ረግጦ የማያውቀው ይህ ሰው ሚስዮናውያኑ ዐይናቸው አሳስቷቸዋል ብሎ ለዓመታት ተከራክሯል።

ኩሊ መጽሐፍ አገላብጦ ቢሆን ኖሮ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። ኮስማስ የተባለው የ6ኛው መቶ ዘመን ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ ከድንጋይ ዙፋን ላይ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ፣ ንጉሡ ከዓባይ ገባር ማዶ በስሜን ተራሮች ስላደረገው ዘመቻ ሲናገር፣ ወታደሮቹ እስከ ጉልበታቸው በሚያሰምጥ በረዶ ውስጥ እንደ ሄዱ ይገልጻል። ስለ አፍሪካ በረዶ በጽሑፍ ከተላለፉልን ጥንታዊ ምስክርነቶች አንዱ ከዚሁ ከቀንዱ አገር የወጣ ነው። ምስክሩ አፍሪካዊ ሲሆን ቃሉ ሳይቆጠር መቅረቱ ለዚህ ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ በኋላም እንመለስበታለን።

ሩዌንዞሪን አውሮፓውያን ያወቁት ከሁሉም ዘግይቶ ነው። ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ በ1876 በአካባቢው ሰፍሮ ሳለ ተራራው በጉም ተሸፍኖ ስለነበር በረዶውን ሳያይ አለፈ። በ1888 ሲመለስ ጉሙ ተገለጠለት። በጉዞ ታሪኩ እንደሚተርከው ከተከታዮቹ አንዱ የሆነ ልጅ ተራራው ጨው ለብሷል ብሎ ጠቆመው፤ ስታንሊም መጀመሪያ ደመና የመሰለውን ነጭ ነገር ቆይቶ በረዶ መሆኑን ተረዳ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 18 ዓመታት በርካታ ተጓዦች ሞክረዋል። እንግሊዛውያን፣ ጀርመናውያንና ኦስትሪያውያን የሸለቆዎቹን መግቢያ አግኝተዋል፤ አንዳንዶቹም የበረዶውን ግግር ረግጠዋል። የጫፎቹን ቁጥር፣ ከፍታና አቀማመጥ በአንድነት ያሳየ ግን አልተገኘም። ስለ ተራራው የሚነገረው እርስ በርሱ የሚጋጭ ነበርና ክርክሩን የሚዘጋ ካርታና ፎቶግራፍ ይጠበቅ ነበር።

ይህን ሥራ የያዘው ሉዊጂ አሜዴዎ ዘሳቮያ፣ የአብሩዚ መስፍን፣ በ1873 ማድሪድ ውስጥ የተወለደ የስፔን ንጉሥ ልጅ ነበር፤ አባቱ አማዴዎ በስፔን ዙፋን ላይ የቆየው ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። መስፍኑ ባሕረኛና ተራራ ወጪ ሆነ። በ1897 አላስካ ድንበር ላይ ወዳለው የሴንት ኢላያስ ተራራ ሲሄድ ቪቶሪዮ ሴላን ይዞት ሄደ።

ሴላ የተወለደው በ1859 በቢየላ ነው። አጎቱ ኩዊንቲኖ ሴላ የኢጣሊያ የገንዘብ ሚኒስትርና የአልፕስ ክበብ መሥራች ነበሩ። አባቱ ጁዜፔ ቬናንዚዮ በ1856 ስለ ፎቶግራፍ አሠራር በኢጣልያንኛ ቀዳሚ የሆነውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ልጁም ሁለቱን አንድ ላይ ወረሰ፤ ተራራውንም ካሜራውንም። በ20 ዓመቱ ከሞንቴ ማርስ ጫፍ ላይ የአልፕስን ዙሪያ ገባ ሲያነሣ የተጠቀመበት ዘዴ የመስታወቱን ሳህን እዚያው ተራራ ላይ፣ በድንኳን ጨለማ ውስጥ መድኃኒት ቀብቶ፣ ሳይደርቅ ማንሣትና ማጠብ የሚጠይቅ ነበር። በኋላ ደረቅ ሳህን ሲመጣ ይህ ጣጣ ቀረለት እንጂ ሸክሙ አልቀለለም። በወጣትነቱ የተጠቀመባቸው ሳህኖች 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ስፋት የነበራቸውና እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጉ መስታወቶች ናቸው። ከ1890ዎቹ ጀምሮ ወደ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ወረደ።

ለምን ይህን ያህል ትልቅ መስታወት? በዘመኑ ሥዕሉን እንደ ዛሬው ማጉላት ቀላል ስላልነበረ ትልቅ ሥዕል የሚፈልግ ሰው ትልቅ ሳህን መሸከም ነበረበት። ሴላ የፈለገው ደግሞ እያንዳንዱ የበረዶ ስንጥቅ፣ እያንዳንዱ የዐለት ድርድር ተለይቶ እንዲታይ ነበር። ሰፊ መልክዐ ምድር ሲያነሣ ካሜራውን በአንድ ቦታ ተክሎ ጥቂት ጥቂት እያዞረ ተከታታይ ሳህኖችን ካነሣ በኋላ አጋጥሞ አንድ ረጅም ሥዕል ያወጣ ነበር። በካውካሰስ ተራሮች የሠራው ሥራ ከለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር በ1890 ሽልማት አስገኝቶለታል። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ፣ በመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሰው፣ በ1946 ስለ ሴላ በአድናቆት የተሞላ ጽሑፍ አሳትሟል። የሴላ ሥዕሎች ውበት ከልክ ያለፈ ስሜት በሌለበት ጥንቃቄ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ከአዳምስ ሥዕሎች ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ያስቆማሉ።

የ1906ቱ ጉዞ የተጀመረው በሚያዝያ ወር ከናፖሊ ነው። መንገደኞቹ ሞምባሳ ወረዱ፤ ከተጠናቀቀ አምስት ዓመት በሆነው የኡጋንዳ ባቡር እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ፣ ከዚያ በመርከብ እስከ ኤንቴቤ ሄዱ። ከኤንቴቤ እስከ ፎርት ፖርታል በመቶ የሚቆጠሩ ተሸካሚዎች ያሉበት ረጅም ሰልፍ ሆነው በእግር ተጓዙ። ከመስፍኑ ጋር የመርከብ መኮንኑ ኡምቤርቶ ካኚ፣ ጂኦሎጂስቱ ሮካቲ፣ ሐኪሙ ካቫሊ ሞሊኔሊ፣ ሴላና ረዳቱ ኤርሚኒዮ ቦታ፣ እንዲሁም ከአልፕስ መንደር የመጡ እነ ጆሴፍ ፔቲጋክስ የተባሉ መንገድ መሪዎች ነበሩ።

ከፎርት ፖርታል በላይ ያለው መንገድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። መጀመሪያ የዝሆን ሣርና ደን፣ ከዚያ ቀርከሃ፣ ከዚያም ሽበት በሚመስል ሽንትር የተሸፈነ የአስታ ዛፍ። ከዚያ በላይ በስሜንና በባሌ ተራሮች የምናውቀው የጅብራ ዘመዶች እንደ ምሰሶ ቆመው ይታያሉ። የሴላ ካሜራ ከበረዶው እኩል እነዚህን ተክሎች ወዷቸዋል። ልዩነቱ እርጥበቱ ነው። ሩዌንዞሪ ላይ እግር የሚቆምበት ደረቅ መሬት እምብዛም አይገኝም፤ መንገዱ በጭቃ ረግረግና በወደቀ ግንድ ላይ ነው።

ጉዞው ወደ 3800 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ቡጆንጎሎ ሰፈረ። ቡጆንጎሎ መንደር አይደለችም፤ የሚንጠለጠል ትልቅ ዐለት ናት፤ ከሥሩ ሰው ከዝናብ ይጠለልበታል። ዕቃውን ሁሉ ከሸለቆው እዚያ ያደረሱት የተራራው ነዋሪዎች የሆኑት የባኮንዞ ሰዎች ናቸው። ሰኔ 18 ቀን መስፍኑና መንገድ መሪዎቹ በመጀመሪያ የአሌክሳንድራን ጫፍ፣ በዚያው ዕለት ደግሞ ማርጌሪታን ረገጡ።

የሴላ ሥራ ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። ጫፍ ለመርገጥ ጉም ቢኖርም ይቻላል፤ ለማንሣት ግን አይቻልም። ሩዌንዞሪ በአብዛኛው ጧት ለጥቂት ጊዜ ይገለጥና ተመልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ሴላ ካሜራውን ከፍ ወዳለ ቦታ አውጥቶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ የሰማዩን መገለጥ መጠበቅ ነበረበት። ዛሬ በዐውደ ርእይ የምናየው ጥርት ያለ የበረዶ ባሕር የብዙ ሰዓት ነጭ ባዶነትን ተከትሎ የመጣ የደቂቃዎች ብርሃን ነው። ሥዕሎቹ ተራራው ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ያለ ያስመስላሉ፤ በዚህ ረገድ እውነተኛ ሥዕልም ቢሆን በጥቂቱ ይዋሻል። ፊሊፖ ዴ ፊሊፒ የመስፍኑን ማስታወሻ ይዞ ያዘጋጀው የጉዞው መጽሐፍ በ1908 ከሴላ ፎቶግራፎች ጋር ታተመ። በአፍሪካ መካከል በረዶ ስለ መኖሩም ሆነ ስለ አቀማመጡ ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም።

በዚያው መጽሐፍና በዚያው ካርታ ላይ የተራሮቹ ስሞችም ጸኑ። ስድስቱ ዋና ዋና ተራሮች ስታንሊ፣ ስፔክ፣ ቤከር፣ ኤሚን፣ ጄሲና ሉዊጂ ዘሳቮያ ተባሉ። ከፍተኛዎቹ ጫፎች የኢጣሊያዋን ንግሥት እናት ማርጌሪታንና የእንግሊዝን ንግሥት አሌክሳንድራን ስም ያዙ፤ የሁለቱ አገሮች ነገሥታትም አልቀሩም። ፎቶግራፍ አንሺው ራሱ የሴላ ጫፍ ተሰጥቶታል። ከመስፍኑ በፊት የመጡ ተጓዦች ግን ቤከር ለተባለው «ኪያንጃ»፣ ስፔክ ለተባለው «ዱዎኒ» የሚሉትን ስሞች ከአገሬው ሰምተው መዝግበው ነበር። ስም ባልነበረበት ቦታ ስም አልወጣም፤ የነበረው ስም ነው ከካርታው የወረደው። የዕቃ ተሸካሚዎቹ ደግሞ ከዚህም ባሰ። ከአልፕስ የመጡት መንገድ መሪዎች ስም ከነቤተሰባቸው ሲታወቅ፣ የሴላን መስታወት በጀርባቸው ያወጡት የአብዛኞቹ የባኮንዞ ሰዎች ስም አልተጻፈም። በሥዕሉ ላይ አሉ፤ በሥዕሉ ግርጌ የሉም።

ዘመኑ እንዲያ ነበር ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። የመስፍኑ የኋላ ዘመን ግን ጉዳዩን ወደ እኛ ደጅ ያመጣዋል። በ1920 በኢጣሊያ ሶማሊያ፣ በሸበሌ ወንዝ ዳር ዛሬ ጆውሃር በምትባለው ቦታ ሰፊ የእርሻ ኩባንያ አቋቋመ፤ መንደሩም በእርሱ ስም ተጠራ። በ1928 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዋቤ ሸበሌን ምንጭና አካሄድ እያጠና በ1929 ሶማሊያ ደረሰ። የእርሻው ውሃ የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ደጋ ነበርና ጥናቱ የሳይንስ ብቻ አልነበረም። በ1933 በዚያችው መንደር ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ተራራ ለክቶ ስም የሰጠው እጅ ወንዝ ለክቶ እርሻ ያቆመው ያው እጅ ነው። የቶሪኖው ቤተ መዘክር በስሙ ሲጠራ ይህ የሕይወቱ ክፍል አብሮ ሊነገር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ባኮንዞዎች በረዶውን የሚጠሩበት የራሳቸው ቃል አላቸው፤ «ንዙሩሩ»። በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻላሉ። እኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ ተራራ ላይ የተኛውንም በአብዛኛው «በረዶ» ብለን እናልፋለን፤ «አመዳይ» የሚለው ቃል ከመጻሕፍት ውጭ እምብዛም አይሰማም። ሩዌንዞሪ የሚለው ስምም የበረዶ ቦታ ከሚለው «ሩዌንዙሩሩ» የመጣ ነው የሚለው ማብራሪያ ብዙ ተቀባይነት አለው። በእምነታቸው ተራራውን የሚጠብቀው ኪታሳምባ በዚያ ከፍታ ይኖራል። ባኮንዞና ባምባ በ1962 ከቶሮ መንግሥት አገዛዝ ለመውጣት ሲነሡ ለእንቅስቃሴያቸው የሰጡት ስም ይኸው ሩዌንዙሩሩ ነበር። የኡጋንዳ መንግሥት በ2009 ዕውቅና የሰጠው ባህላዊ መንግሥትም በዚሁ ስም ይጠራል። እንግዲህ በረዶው ለኢጣሊያው ሊቅ የሚለካ ነገር ሲሆን ለባለ አገሩ የማንነት ስም ነው።

በረዶው አሁን እያለቀ ነው። በ1906 በስድስቱም ተራሮች ላይ የበረዶ ግግር ነበር፤ ጠቅላላ ስፋቱ ወደ 6.5 ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል። በ2003 የተነሡ የሳተላይት ሥዕሎች ሲጠኑ የተገኘው ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ እርሱም በስታንሊ፣ በስፔክና በቤከር ላይ ብቻ ነበር። በ2024 የተደረገ ዳሰሳ ደግሞ በስፔክና በቤከር ላይ የቀረው እንደ ግግር የማይንቀሳቀስ፣ የሞተ በረዶ እንደሆነ አመለከተ። የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት በ2021 ባወጣው ዘገባ የሦስቱም የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች በረዶ በ2040ዎቹ ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

በዚህ ጊዜ የሴላ መስታወቶች ሥራ ተለወጠ። ተመራማሪዎች የጥንቱን ስፋት ለማወቅ መነሻ ያደረጉት የ1906ቱን ጉዞ ካርታና ፎቶግራፎች ነው። እያንዳንዱን ስንጥቅ ለማሳየት ሲባል የተከፈለው ድካም እነሆ የግግሩን ጠርዝ በዐለቱ ላይ ለመለየት አስቻለ፤ ለስላሳና ስሜታዊ ሥዕል ቢሆን ኖሮ ለዚህ አይበቃም ነበር። ሌሎች የሴላ ቦታዎችም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሟቸዋል። ኢጣሊያዊው ፋቢያኖ ቬንቱራ ከ2009 ጀምሮ በካራኮረም፣ በካውካሰስና በሌሎችም ተራሮች ሴላና መሰሎቹ ከቆሙበት ነጥብ ላይ ቆሞ ዳግመኛ እያነሣ ጥንዶቹን ሥዕሎች ጎን ለጎን ለእይታ አቅርቧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም አለበት። በረዶው ሲያልቅ ወንዞቹ ይደርቃሉ የሚባለው ለሩዌንዞሪ አይሠራም። በሙቡኩ ወንዝ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው ከበረዶው የሚቀልጠው ውሃ በተራራው ግርጌ ከሚፈሰው ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ወንዙን የሚመግቡት ዝናቡ፣ ደኑና ረግረጉ ናቸው። የካሴሴ ገበሬ በበረዶው መጥፋት የሚያጣው የመስኖ ውሃ አይደለም። የሚያጣው የስሙን ትርጉም ነው። ይህን ኪሳራ በካሬ ኪሎ ሜትር የሚለካ የለም፤ በዐውደ ርእዮቹም ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ነው። ጎብኚው ሁለት ሥዕሎችን አነጻጽሮ ስለ ዓለም ሙቀት ያዝናል፤ በረዶው የማን እንደነበረ ሳይጠይቅ ይወጣል።

እንደ እኔ ከሆነ እነዚህ ሥዕሎች በካሴሴና በፎርት ፖርታልም በትልቁ ታትመው መሰቀል ይገባቸዋል። ይህ የቸርነት ጉዳይ አይደለም። በቢየላ የተቀመጠው መስታወት የማይነግረውን ሊነግሩ የሚችሉ ሰዎች ያሉት እዚያ ነው፤ የጫፎቹን የቀድሞ ስም የሚያውቁ፣ አያቶቻቸው ለነጭ ሰው ሣጥን ስለ መሸከማቸው የሰሙ ሰዎች። የሥዕሎቹ ግርጌ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ተጽፎ ያለቀ ነገር አይደለም፤ ማርጌሪታ ከሚለው ቀጥሎ ሌላ መስመር የሚያስገባ ቦታ አለው። ተሸካሚዎቹን በመልካቸው የሚለይ ሰው ከ1906 ወዲህ ባለፈው ዘመን ሁሉ ሳይጠፋ አይቀርም፤ የቦታዎቹን ስም የሚያውቁት አረጋውያን ግን ገና አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ እንደ በረዶው እየቀነሱ ነው።

ሴላ በ1943 በተወለደባት ከተማ ሞተ። በሩዌንዞሪ ላይ ካሜራውን የተከለባቸውን ነጥቦች ከሥዕሎቹ አቅጣጫ በመነሣት መልሶ ማግኘት ይቻላል። ዛሬ የስፔክን ወይም የቤከርን ግግር ካነሣበት ቦታ ላይ ቆሞ ጉሙ እስኪገለጥ የሚጠብቅ ሰው፣ ሰማዩ ሲከፈትለት በአብዛኛው የሚያየው በዝናብ የረጠበ ጥቁር ዐለት ነው።